ከተበላ እስከ አጆራ ፏፏቴ፤ የባልና የሚስት የእግር ጉዞ

በአገራችን ባልና ሚስት አብረው ከቤት ወጥተው ሩቅ መንገድ የሚሄዱበት ምክንያት የታወቀ ነው። ወይ ዘመድ ሞቶ ለልቅሶ፣ ወይ ልጅ ተድሮ ለሠርግ፣ ወይም ከሁለቱ አንዱ ታሞ ለሕክምና ነው። እነዚህ ሁሉ የተገቡና የተከበሩ ጉዳዮች ናቸው፤ ነገር ግን በእንደዚህ ያለው መንገድ ባልና ሚስት በአንድ መኪና ቢሳፈሩም አብረው ተጓዙ ለማለት ያስቸግራል። እርሱ ከወንዶቹ ጋራ ስለ ድንኳኑ፣ እርስዋ ከሴቶቹ ጋራ ስለ እንጀራው ሲያስቡ ሄደው ይመለሳሉ። ምንም ጉዳይ ሳይኖር አገር ለማየት ብቻ፣ ስንቅን በጀርባ አዝሎ ሁለት ሆኖ መሄድ ግን እንደ ሥራ ፈትነት፣ አንዳንድ ጊዜም እንደ እብደት ይቈጠራል።

እኔና ባለቤቴ በ2017 ዓ.ም. በመስከረም ወር መጀመሪያ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት፣ ለአራት ቀን እንደዚህ ያለ ጉዞ አድርገን ነበር። ያየነውና የተነጋገርነው ለሌላውም ቤት ይበጅ ይሆናል በማለት ለዚህ ገጽ አንባቢዎች በአጭሩ ላቀርበው አሰብሁ።

የምንኖርባት ከተማ ተበላ ትባላለች፤ በወላይታ ዞን የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከወላይታ ሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር ስለ ተመሠረተች ቀንና ሌሊት መኪና በፊትዋ ያልፋል። መንገደኛ በማያጣ ከተማ መኖር ግን መንገደኛ መሆን አይደለም፤ ብዙዎቻችን የሌላውን ጉዞ ከደጃፋችን ቆመን ስናይ ዕድሜያችንን እንጨርሳለን። ባለቤቴ እንጨት ሠራተኛ ነው፤ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና በር ይሠራል። እኔ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። ያን ጊዜ ከተጋባን 9 ዓመት ሆኖን ነበር፤ ሁለት ልጆች አሉን፤ አማቴም ከእኛው ጋራ ይኖራሉ።

በዚያ ዓመት አንድ ከባድ አሳብ ወደ ቤታችን ገብቶ ነበር። ከወላይታ፣ ከሐድያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄዳቸው የታወቀ ነው። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ከሄዱት አንዱ ነው፤ እዚያ በአንዲት ትንሽ ሱቅ ይነግዳል፤ ለእናቱም ገንዘብ ይልካል። ይህ ወንድሙ «ና፤ አብረን እንሥራ» እያለ ይጠራው ጀመር። መንገዱ በኬንያ፣ በታንዛንያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ በኩል የሚያልፍ፣ ብዙውም በስውር የሚኬድ ነው። በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ በአንድ የጭነት መኪና በተዘጋ ኮንቴይነር ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው መገኘታቸውንና ኢትዮጵያውያን እንደ ነበሩ መነገሩን ሁላችንም ሰምተናል፤ ከዚያ መኪና በሕይወት የወጡት 14 ብቻ ነበሩ። ባለቤቴም ይህን ያውቃል። ነገር ግን ማወቅና መፍራት አንድ አይደሉም፤ በመንገድ የቀረውን ሰው ስም በሠፈር የሚያነሣው ጥቂት ሲሆን፣ ደርሶ ቤት ላሠራው ግን የቤቱ ቆርቆሮ ዘወትር ይመሰክርለታል።

አንድ ደላላ ሲመሽ እየመጣ ከባለቤቴ ጋራ በደጅ ቆሞ መነጋገር ጀመረ። ለቤት መሥሪያ ያጠራቀምነው ገንዘብ የመንገዱን ዋጋ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ የቀረው በብድር ነው ተባለ። እኔና እርሱ ግን ስለዚህ ነገር ቁጭ ብለን የተነጋገርንበት አንድ ቀን አልነበረም። ይህም በመካከላችን ጠብ ስለ ነበረ አይደለም። ልጆች አሉ፤ አማቴ አሉ፤ ሥራ የሚማሩ ሁለት ወጣቶች አሉ፤ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። ባልና ሚስት በእንዲህ ያለ ቤት ስለ ጨውና ስለ ዘይት፣ ስለ ደብተርና ስለ ቤት ኪራይ ይነጋገራሉ እንጂ ስለ ኑሮአቸው ሥር አይነጋገሩም። ሌሊትም ሲሆን ሁለቱም ደክመዋል።

ስለዚህ አንድ ቀን «ለዚያ ሰው መልስ ከመስጠትህ በፊት አራት ቀን ስጠኝ፤ በእግራችን ሄደን የአጆራን ፏፏቴ እንይ» አልሁት። እርሱም ሥቆ «ፏፏቴው ምን መልስ ይሰጠናል?» አለኝ። «ፏፏቴው ምንም አይሰጠንም፤ እኛ ግን እስክንደርስ እንነጋገራለን» ብዬ መለስሁለት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆይቶ «እሺ» አለ።

ነገሩ በሠፈር ሲሰማ ያገኘን ሁሉ «ማን ሞተባችሁ?» እያለ ይጠይቀን ነበር። ማንም አልሞተም ስንል «ታዲያ ምን ጎደላችሁ?» ይሉናል። እኔ እጅግ የፈራሁት የአማቴን ቃል ነበር። እርሳቸው ግን ነገሩን ጸጥ ብለው ከሰሙ በኋላ «እኔ ከባለቤቴ ጋራ 31 ዓመት ስኖር አብሬው የሄድሁት ለልቅሶ ብቻ ነው። ሂዱ፤ ልጆቹን እኔ እይዛቸዋለሁ» አሉን። ከዚህ በኋላ የጎረቤት ወሬ አላሳሰበኝም።

ለመንገዱ 3,500 ብር መደብን፤ ከዚህ እንዳናልፍም ተስማማን። በገበያ ያለ ልብስ ሰፊ ከወፍራም ሸራ ሁለት በጀርባ የሚታዘሉ ሻንጣዎች ሰፋልን፤ ባለቤቴም የትከሻውን ማንገቻ በአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ አለሰለሰው። በውስጣቸው የያዝነው ስንቅ በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦና የተቀቀለ ስኳር ድንች ነበር፤ ከዚህም ሌላ ለብርድ ጋቢ፣ ለዝናብ ላስቲክ፣ ቅያሪ ልብስ፣ አንዲት ትንሽ ድስትና የውሃ መያዣ አኖርን። የውጭ አገር ሰዎች እንዲህ ያለ ሻንጣ አዝለው ሲያልፉ አይተን እናደንቅ ነበር እንጂ፣ የኛም አባቶች ስንቃቸውን በአገልግልና በስልቻ ይዘው የወር መንገድ ይሄዱ እንደ ነበረ ዘንግተነዋል። ሻንጣዎቹን በእህል ነጋዴ ሚዛን ብናስመዝናቸው የእርሱ 13 ኪሎ፣ የእኔ 9 ኪሎ ሆነ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ከተበላ ተነሥተን ወደ ሶዶ አቅጣጫ ጉዞ ጀመርን። ፀሐይ ስትወጣ በከተማችን አጠገብ ያሉት ኮረብቶች ለምልመው ታዩን። በልጅነቴ እነዚህ ኮረብቶች ራቁታቸውን ነበሩ፤ ዛፉ ለከሰልና ለማገዶ ተቈርጦ አልቆ፣ ከብት የሚግጠው ሣር እንኳ የጠፋበት፣ ዝናብ ሲመጣ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ የሚወስድበት ቦታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ወርልድ ቪዥን የተባለው የእርዳታ ድርጅት ከአካባቢው ሕዝብ ጋራ ሆኖ 2,728 ሔክታር መሬት ከከብትና ከምሳር እንዲጠበቅ አደረገ። የሚገርመውም ነገር አብዛኛው ደን በችግኝ የተተከለ አይደለም። ከተቈረጠው ዛፍ ሥር በመሬት ውስጥ ሕያው ሆኖ የቀረው ብዙ ነበርና፣ ከጉቶው የሚያቈጠቍጠውን ቀንበጥ መርጠው፣ ደካማውን ገርዘው፣ ብርቱውን ሲያሳድጉት ደኑ ተመልሶ በቀለ። ገበሬዎቹም በ7 የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2009 መጨረሻ በተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት መዝገብ ተመዘገበ፤ በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን የሚያህል የተቃጠለ አየር ከሰማይ ይሰበስባል ተብሎም ታሰበ። የዓለም ባንክም ከዚህ ከፍሉን ለመግዛት ስለ ተዋዋለ፣ ማኅበራቱ ዛፉን ሳይቈርጡ ከዛፉ ገንዘብ ለማግኘት በቁ።

ባለቤቴ በእንጨት የሚኖር ሰው ስለ ሆነ ቆሞ ብዙ ተመለከተ። «እነዚህን ኮረብቶች ሁልጊዜ ከሱቄ በር ሆኜ አያቸው ነበር፤ ነገር ግን በመካከላቸው በእግሬ ስሄድ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» አለኝ። እኔም እንዲሁ ነበርሁ።

ከተበላ ወደ ሶዶ መንገዱ እየወጣ ስለሚሄድ ከሦስት ሰዓት በኋላ ትከሻችን መታመም ጀመረ። በአንድ ዋርካ ጥላ ሥር ዐረፍን። ባለቤቴ ትከሻውን እያሸ ጥቂት ካሰበ በኋላ «ያ ቢጫው ጀሪካን ውሃ ሲሞላ ስንት ኪሎ ይሆናል?» ብሎ ጠየቀኝ። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል፤ አንድ ሊትር ውሃም አንድ ኪሎ ነው። «20 ኪሎ» አልሁት። «በቀን ስንት ጊዜ ታመጫለሽ?» አለኝ። «የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ ሁለት ጊዜ» አልሁት። ሌላ ነገር አልተናገረም፤ እኔም አልጨመርሁበትም። ሸክም በቤት ውስጥ ሲሆን የዕለት ሥራ ይባላል፤ በመንገድ ላይ ሲሆን ግን ኪሎው ይታወቃል።

ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን ሶዶ ገባን። ከተማዋ በዳሞታ ተራራ እግር ሥር፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ ከአዲስ አበባም ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከሆሳዕና፣ ከሻሸመኔ፣ ከአርባ ምንጭና ከዳውሮ የሚመጡት መንገዶች በእርስዋ ስለሚገናኙ ያላየችው ጭነትና ያልሰማችው ቋንቋ ያለ አይመስልም። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ተማሪው፣ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ መቀመጫው ከሆነች ወዲህ ደግሞ የመንግሥት ሠራተኛው በዝቶባታል። በዚያው ማታ ግን እጅግ ደክመን ነበርና በአንድ መጠነኛ ሆቴል ዐርፈን፣ ከተማዋን በሚገባ ማየቱን ለመመለሻችን አቆየነው።

በማግሥቱ በመኪና ወደ አረካ ሄድን። ከሶዶ አረካ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአረካም ወደ ቦሎሶ ቦምቤ አገር በሚወስደው የገጠር መንገድ ጥቂት በመኪና፣ የቀረውን በእግር ተጓዝን። መንገዱ ሁሉ በእንሰትና በጎደሬ፣ በቡናና በአቦካዶ ዛፍ የተከበበ ነው፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለ ነበረ ጭቃው እግር ይይዛል። ወደ ማታ ዝናብ ሲያባርረን አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ከደጃቸው ሆነው አዩንና «ልጆቼ፣ ግቡ፤ ዝናቡ ይለፍ» ብለው በወላይትኛ ጠሩን። ዝናቡ ባለማቆሙም በዚያው በቤታቸው አደርን።

እኒህ እናት በቡና ቅጠል ዝንጅብልና ሚጥሚጣ ጨምረው የሚፈላውን፣ በአገራችን ቋንቋ ሃይታ ቱኬ የሚባለውን መጠጥ አቀረቡልን። ባለቤቴ «እናቴ፣ ዝንጅብሉ የራስዎ ነው?» ብሎ ቢጠይቃቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህ አገርና በአጠገቡ ያለው የሐደሮ አገር ቀድሞ በዝንጅብል እጅግ የታወቀ ነበር፤ ገበሬው ግብሩን የሚከፍለው፣ ልጁን የሚያስተምረው፣ ቤቱን የሚሠራው በዝንጅብል ነበር። በ2004 ዓ.ም. ገደማ ግን ቅጠሉን የሚያጠወልግ ሥሩንም የሚያበሰብስ ተላላፊ በሽታ ገባና በጥቂት ዓመት ውስጥ ማሳውን ሁሉ አጠፋው። «ዝንጅብሉ ሲጠፋ ልጄ ሄደ» አሉን። ልጃቸው በደቡብ አፍሪካ ይኖራል፤ ካዩት 8 ዓመት ሆኗቸዋል። ቤታቸው በእርሱ ገንዘብ በአዲስ ቆርቆሮ ተከድኗል። እኒህ እናት ልጃቸውን አላማረሩም፤ ዘመኑንም አልረገሙም። ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ ሲመታ ቀና ብለው እያዩ «ቆርቆሮው መልካም ነው፤ አያፈስም። ግን ድምፁ ብዙ ነው፤ ብቻዬን ሆኜ እሰማዋለሁ» አሉ። በዚያች ሌሊት ባለቤቴ ቶሎ እንዳልተኛ ዐውቄአለሁ።

በነጋው አንድ የአገሩ ልጅ ጥቂት ገንዘብ ተቀብሎ መንገድ መራን። አጆራ ወላይታ ከከምባታና ከጠምባሮ አገር በሚዋሰንበት ስፍራ የሚገኝ መንታ ፏፏቴ ነው። ሁለት ወንዞች፣ አጃንቾና ሶኬ የሚባሉት፣ በየራሳቸው መንገድ መጥተው ከ100 ሜትር እጅግ በሚበልጥ ገደል ወደ አንድ ሸለቆ ይወርዳሉ። ገና ሳናየው ድምፁን ሰማነው፤ ሜዳውን ጨርሰን ከገደሉ አፋፍ ስንደርስ ግን መሬቱ በድንገት ያበቃና ሁለቱ ነጭ ውሃዎች ከፊት ለፊት ይታያሉ። ከታች የሚነሣው ጉም ፊታችንን አራሰው። ፀሐይዋ ከደመና ስትወጣ በጉሙ ላይ ቀስተ ደመና ይታያል፤ ስትገባ ይጠፋል። በሸለቆው ግድግዳ ላይ ቅጠሉ ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጣል።

በዓለም ላይ ስለ ታወቁት ፏፏቴዎች ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። በአርጀንቲናና በብራዚል ወሰን ያለው ኢጓሱ የሚባለው ወደ 275 የሚያህሉ ፏፏቴዎች በአንድነት የሚወርዱበት ነው፤ ቁመቱ ግን ከፍ ባለው ቦታ 80 ሜትር ያህል ነው። ወጣት ባልና ሚስቶች ከሩቅ አገር ሻንጣቸውን አዝለው ወደዚያ ይሄዳሉ፤ ከዚያም ወደ ቡዌኖስ አይሬስ ወይም ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ ተሻግረው በዘፈንና በገበያ መካከል ይሰነብታሉ። በውሃ ብዛት አጆራ ከኢጓሱ ጋራ አይተካከልም፤ በቁመት ግን ይበልጠዋል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤ ሳስተምር፣ ከቤቴ የአንድ ቀን የመኪና መንገድ እንኳ የማይሞላውን አጆራን በዓይኔ ሳላየው 33 ዓመት ኖሬ ነበር።

ባለቤቴ በአንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያም «አንድ ነገር ልንገርሽ» ብሎ ጀመረ። «እኔ ከተበላ ወጥቼ የማውቀው ሶዶንና አርባ ምንጭን ነው፤ እነርሱንም ቢሆን ጣውላ ለመግዛት። ወንድሜ በስልክ ሲያወራኝ፣ ያለፈበትን አገር፣ ያየውን ባሕርና ከተማ ሲነግረኝ፣ ገንዘቡ ብቻ አይደለም የሚያስቀናኝ፤ ማየቱ ነው። በዚያው በሱቄ በር ላይ አንድ ቀን እንዳልሞት እፈራለሁ» አለኝ።

ይህን ቃል በ9 ዓመት ውስጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር። ስለ ጉዞው ሲነሣ ሁልጊዜ የሚነገረው ስለ ቤትና ስለ ልጆች ትምህርት ነበርና፣ እኔም ለዚያ ብቻ መልስ ሳዘጋጅ ኖሬ ነበር። እኔም የልቤን ነገርሁት። ካርታ በሰሌዳ ላይ ስሥል፣ የማስተምረውን አገር አንድ ቀን ለማየት እንደምመኝ፣ ነገር ግን ሚስትና እናት እንዲህ ያለ ምኞት አለኝ ብትል ማን ይሰማታል በማለት እንደ ተውሁት አስረዳሁት። እርሱም እንደኔው ተደነቀ። «ታዲያ ሁለታችንም አንድ ነገር እየፈለግን ነበር ማለት ነው» አለ።

ከዚህ በኋላ ያለ እፍረትና ያለ ቁጣ ስለ ገንዘቡ ተነጋገርን። ብድሩ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ እርሱ ቢያዝ ወይም ቢቀር ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ፣ እኔ በመምህርት ደመወዝ ምን ያህል ልሸከም እንደምችል በቆሎ ፍሬ እየቈጠርን አሰላነው። የአጃንቾና የሶኬ ውሃ ከታች በሸለቆው አንድ ሆኖ ወደ ኦሞ ይወርዳል። ኦሞም በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በተመረቀው በ243 ሜትር ከፍታ ባለው የጊቤ 3 ግድብ ተይዞ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት ኃይል ይሰጣል። መሪያችን የነበረው ልጅ ይህን ሲነግረን ባለቤቴ «መብራት ካለ ማሽን ይሠራል» አለ። ያን ጊዜ ምን እንዳሰበ አልገባኝም ነበር።

በአራተኛው ቀን ወደ ሶዶ ስንመለስ ከተማዋ ሌላ መልክ ይዛ ጠበቀችን። የወላይታ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓል የሆነው ጊፋታ ተቃርቦ ነበር። ለዚህ በዓል አባቶች ዓመቱን ሙሉ በማኅበር ገንዘብ አጠራቅመው በሬ ይገዛሉ፤ እናቶችም እንዲሁ ለቅቤ ያጠራቅማሉ። ስለዚህ የከብቱ ገበያ በሰንጋ፣ መንገዱ በባጃጅና በሸክም፣ የልብስ ሱቁ ቀይ፣ ጥቁርና ቢጫ በሆነው በዱንጉዛ ሸማ ተሞልቶ ነበር። ወጣቶች በየቡና ቤቱ ስለ ወላይታ ድቻ እግር ኳስ ይከራከራሉ፤ ይህ ቡድን በ2010 ዓ.ም. የግብፅን ዛማሌክን በካይሮ በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ከአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ያስወጣው መሆኑን ሶዶ እስከ ዛሬ አልረሳችውም። በዚህችው አገር ካዎ ጦና፣ የወላይታ የመጨረሻው ንጉሥ፣ በ1887 ዓ.ም. ከዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋራ እስኪሸነፍና እስኪማረክ ድረስ እንደ ተዋጋ ለባለቤቴ አስታወስሁት፤ እርሱም ከአያቱ የሰማውን ነገረኝ። ማታ ጥሬ ሥጋ በዳጣ በላን፤ ዳጣው ዓይናችንን አስለቀሰን፤ ተያይተንም ሣቅን። እንዲህ ከሣቅን ስንት ጊዜ እንደ ሆነን ለማስታወስ ሞክሬ አልቻልሁም።

ከሁሉ ይበልጥ ግን ባለቤቴን የያዘው የእንጨት ሠራተኞች ሠፈር ነበር። ከአንዱ ሱቅ ወደ አንዱ እየገባ አልጋውን ይገለብጣል፣ መገጣጠሚያውን ይዳስሳል፣ ዋጋ ይጠይቃል። ጣውላ የሚልገውን የመብራት ማሽን ቆሞ አየ፤ እርሱ በእጅ መላጊያ አንድ ቀን የሚፈጅበትን ሥራ ማሽኑ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ባለ ሱቁም መልካም ሰው ነበርና፣ ያገለገለ ማሽን በስንት እንደሚገኝና ምን ዓይነት ብልሽት እንደሚበዛበት ሳይሰስት ነገረው። ያን ጊዜ ስለ መብራት የተናገረው ቃል ገባኝ።

ወደ ተበላ በተመለስን በሦስተኛው ሳምንት ባለቤቴ ለደላላው «ለጊዜው አልሄድም» የሚል መልስ ሰጠ። ካጠራቀምነው ገንዘብ ከፍለን፣ ከአንድ የሙያ ባልደረባው ጋራ በሽርክና ያገለገለ ማሽን ገዛን። ይህን የምጽፈው ችግራችን ሁሉ በአራት ቀን ጉዞ ተፈታ ለማለት አይደለም። መብራት የሚጠፋበት ቀን ብዙ ነው፤ የጣውላ ዋጋ ይወጣል፤ ቤታችንም ገና አልተሠራም። ወንድሙ በዚያው በሰው አገር በጉልበቱ ይኖራል፤ የእርሱን መንገድ የመረጠውንም ሰው አልነቅፍም፤ ዝንጅብሉ የጠፋበትን ገበሬ «ለምን ሄድህ» ለማለት የሚችል ማን ነው? ባለቤቴም ቢሆን አንድ ቀን ያ አሳብ ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል። ነገር ግን ቢመጣበት አስቀድሞ የሚናገረው ከደላላው ጋራ በደጅ ቆሞ ሳይሆን ከእኔ ጋራ ተቀምጦ መሆኑን አሁን አውቃለሁ።

ሌላም የተለወጠ ነገር አለ። ከጉዞው በኋላ ከሠራቸው ዕቃዎች ሁሉ የመጀመሪያው ባለ ሁለት መንኰራኵር የእጅ ጋሪ ነው። ሦስት ጀሪካን ይይዛል። ስለ ጋሪው ከእርሱ ጋራ አንድም ቃል አልተነጋገርንም፤ ሠርቶ ከደጃፍ አቆመው፤ ውሃ ሲጠፋም ማልዶ ራሱ ይገፋዋል።

እንግዲህ ለመሄድ የሚያስብ ባልና ሚስት ቢኖር ከልምዳችን ይህን እመክራለሁ። ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም፤ በየአውራጃችን ያልታየ ወንዝ፣ ያልተወጣ ተራራ፣ ያልታወቀ ከተማ አለ። የሚወጣውን ገንዘብ አስቀድማችሁ ተስማሙበት፤ ከዚያም አትለፉ። ሻንጣችሁ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አይክበድ፤ ጫማችሁም አዲስ አይሁን፤ በእግራችሁ የተለመደ ይሁን። በገደልና በፏፏቴ አጠገብ የአገሩን ልጅ ሳትይዙ አትጠጉ፤ እርጥብ ድንጋይ ያታልላል፤ ለመራችሁም ሰው የድካሙን ዋጋ ስጡ። ቢያንስ ግማሹን መንገድ በእግር ሂዱ፤ በመኪና ውስጥ ሰው ይተኛል ወይም መስኮት ያያል፤ በእግር ሲሄድ ግን ይነጋገራል። ልጆቻችሁን ለታመነ ሰው አደራ ስጡ፤ አያት ካለች ከእርስዋ የሚሻል የለም። ከሁሉም በላይ ከቤት ስትወጡ ሁለቱንም ሻንጣ አስመዝኑ፤ በየቀኑም ማን ምን እንደ ተሸከመ ተጠያየቁ።

እኛም ለሚመጣው ዓመት አስበናል። ከተበላ ወደ ደቡብ ወርደን ከአገራችን የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች በስፋት ታላቅ የሆነውን አባያን በቅርብ ለማየት ነው። በዚህ ጊዜ ልጆቹንና አማቴን እንወስዳለን። አማቴ ለልቅሶ ያልሆነ የመጀመሪያ መንገዳቸው ስለ ሆነ ምን ልብስ እንደሚለብሱ ከአሁኑ እየጠየቁን ነው።